የቮልስ ፍሪሲዮን፣ ቮላኖና ኦይል ሲል ቅየራ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፍሪሲዮን ሞተሩን ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር የሚያገናኘውና የሚያለያየው ክፍል ነው፤ ቮላኖ ክራንክ ሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ጫፍ ላይ የሚታሰረው ከባድ ክብ ብረት ነው፤ ኦይል ሲል ደግሞ የሞተሩ ዘይት በዚያ በኩል እንዳይወጣ የሚዘጋው ቀለበት ነው። መልሶቹ ለቮልስ ቢትልና ከሥሩ ያው ቢትል ለሆነው ስፖርት መኪና ለካርማን ጊያ (1955–1974) ይሠራሉ፤ ልኮቹ የ12 ቮልት 1500 እና 1600 ሞተር ናቸው።

ፍሪሲዮኑ ማለቁን በምን አውቃለሁ?

ሜዳ መንገድ ላይ በአራተኛ ማርሽ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየሄዱ ነዳጁን እስከ ወለሉ ይርገጡት። የሞተሩ ድምፅ ጮኾ ሲወጣ መኪናው ግን ባለበት ፍጥነት ከቀጠለ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ዳገት ላይ የሚቃጠል ሽታም ይመጣል።

ይህን ያየ ሰው ወዲያው ሸራ (የሚያልቀውን የፍሪሲዮን ዲስክ) ለመግዛት ይሮጣል። አይቸኩሉ፤ መጀመሪያ የፔዳሉን ጨዋታ (ሳይከብድ በነፃ የሚሄድበትን ርቀት) ይመልከቱ። ፔዳሉ ምንም ጨዋታ ከሌለው የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ (ፔዳሉ ሲረገጥ የሚገፋው ቀለበት) ፕሬዠር ፕሌቱን (ሸራውን ቮላኖው ላይ የሚጫነውን ሳህን) ሁልጊዜ ገፍቶ ስለሚይዘው ደህናው ሸራም ይንሸራተታል። እንዲህ ከሆነ የሚያስፈልገው የአሥር ደቂቃ ማስተካከያ ብቻ ነው፤ በጊዜ ካልተደረሰበት ግን ሸራውን በእርግጥ ይጨርሰዋል።

ፔዳሉ ወለል ላይ ቀረ። ሞተር መውረድ አለበት?

አብዛኛውን ጊዜ የለበትም። የቮልስ ፍሪሲዮን የሚሠራው በገመድ ነው፤ ገመዱ ደግሞ ይበጠሳል፤ ብዙውን ጊዜም በሁለቱ ጫፎቹ ላይ። የመኪናውን ኋላ አንስተው ከካምቢዮው በስተግራ ያለውን ማንሻና ባለክንፉን ዳዶ ይመልከቱ። ገመዱ ላልቶ ከተንጠለጠለ ወይም ተስቦ ከወጣ ችግሩ ተገኘ። ከፊት በኩል ደግሞ ገመዱ የሚንጠለጠልበት የፔዳሉ መንጠቆ እየተበላ ያልቃል፤ ገመዱን ቀይሮ መንጠቆውን ያላየ መካኒክ በቅርቡ ተመልሶ ይመጣል።

የፔዳሉ ጨዋታ ስንት ይሁን? የሚስተካከለውስ የት ነው?

ፔዳሉን በእጅ ሲገፉት መክበድ እስኪጀምር ድረስ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር በነፃ መሄድ አለበት። የሚስተካከለው ከላይ በተጠቀሰው ባለክንፍ ዳዶ ነው። የገመዱን ጫፍ በፒንሳ ይዘው ዳዶውን ያዙሩ፤ ክንፎቹ ማንሻው ላይ ባለው ቦይ ገብተው መቀመጣቸውን ያረጋግጡ። ካልተቀመጡ በጉዞ ላይ ይላላል።

ብዙ ሰው የሚዘለው ሌላ ልክ አለ፤ ገመዱ ካምቢዮው ዘንድ የሚያልፍበት ተጣጣፊ ቱቦ። ይህ ቱቦ ቀጥ ብሎ መወጠር የለበትም፤ መሃሉ ላይ ከ25 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ወደ ታች መጉበጥ አለበት። የጉብጠቱ መጠን የሚስተካከለው ቱቦው መያዣው ላይ በሚያርፍበት ቦታ ሮንዴላ በመጨመር ወይም በመቀነስ ነው። ጉብጠቱ ካነሰ መኪናው ሲነሳ ይንቀጠቀጣል፤ ከበዛ ገመዱ ይከብዳል፣ ቶሎም ይበጠሳል።

ሞተሩን ሳላወርድ ሸራውን መቀየር እችላለሁ?

አይቻልም። ሸራው፣ ፕሬዠር ፕሌቱ፣ ቮላኖውና ኦይል ሲሉ ሁሉም በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ናቸው። ደግነቱ ሞተሩ ካምቢዮው ላይ የተያዘው በአራት ቦታ ብቻ ነው።

ለማውረድ ምን ምን ይፈታል?

ከባትሪው (ቢትል ላይ ከኋላ ወንበሩ ሥር፣ ካርማን ጊያ ላይ ሞተሩ ክፍል ውስጥ ነው) መሬቱን (ኔጋቲቩን) በመጀመሪያ ይንቀሉ። በመቀጠል የኋላውን የሞተር ቆርቆሮ፣ የካርቡራቶሩን አየር ማጣሪያ፣ የዲናሞውን፣ የኮይሉን፣ የካርቡራቶሩንና የዘይት ግፊት መጠቆሚያውን ሽቦዎች ይፍቱ። ሽቦዎቹ ላይ ወረቀት ለጥፎ መጻፍ ሲገጠም ግማሽ ሰዓት ይቆጥባል። የነዳጅ መስጫው ገመድ ካርቡራቶሩ ላይ ተፈትቶ በፋኑ ሽፋን በኩል ወደ ፊት ይሳባል። ከሥር ሁለቱ የማሞቂያ ቱቦዎችና ገመዶቻቸው፣ ከዚያ የቤንዚኑ ጎማ ይፈታሉ። የቤንዚኑን ጎማ በፒንሳ ቆልፈው ወይም በብሎን ደፍነው ይተዉት፤ ታንኩ ከሞተሩ ከፍ ስለሚል ቤንዚኑ ራሱ ይወርዳል። ሲጋራም፣ ባዶ አምፖል ያለው የእጅ መብራትም አጠገቡ አይኑር።

አራቱ ማያያዣዎች በ17 ቁልፍ ይፈታሉ። ከታች ሁለት ዳዶዎች፣ ከላይ ሁለት ብሎኖች አሉ። የላይኞቹ ዳዶዎች ከፋኑ ሽፋን ጀርባ ስለሆኑ በዓይን አይታዩም፤ በእጅ ዳስሰው ነው የሚያገኟቸው። ከላይ በስተቀኝ ያለው ብሎን ሞተሪኖውንም (ማስነሻውንም) የሚይዘው ነው። ከዚያ በፊት ግን ክሪኩ ከሞተሩ ሥር ገብቶ ክብደቱን መያዝ አለበት፤ መኪናውም በክሪክ ሳይሆን በካቫሌቶ (በማይንቀሳቀስ መደገፊያ) መቆም አለበት። ሞተሩ ከ100 ኪሎ በላይ ይመዝናል።

ሞተሩን ቀጥ አድርገው ወደ ኋላ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሳቡት፤ የካምቢዮው ዘንግ ከሸራው ሙሉ በሙሉ ሲወጣ ብቻ ወደ ታች ያውርዱ። ሞተሩ ዘንጉ ላይ ከተንጠለጠለ የሸራው መሃል ይጣመማል፣ የዘንጉም ሲል ይጎዳል። ሙሉ ሞተሩን ከፋኑ ሽፋን ጋር ከመኪናው ሥር ለማውጣት የኋላው ፓራውልት (መከላከያው) ከመሬት 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ማለት አለበት። ሦስት አራት ሰው ካለ መኪናውን ከኋላ አንስቶ ማሳለፍም ይቻላል።

ምን ምን ዕቃ ልግዛ?

ሸራ፣ ፕሬዠር ፕሌት፣ የፍሪሲዮን ኩሽኔታ፣ የቮላኖ ኦይል ሲል፣ ቮላኖው ውስጥ የሚገባው ኦሪንግ። ከነዚህ ጋር ርካሾቹን ትንንሽ ዕቃዎች አይርሱ፦ የካምቢዮ ዘንግ ሲል፣ የሞተሪኖ ቡሽ (ካምቢዮው ውስጥ ነው ያለው፤ 6 ቮልቱና 12 ቮልቱ ይለያያሉ) እና አንድ አዲስ የፍሪሲዮን ገመድ። ባለመርፌው ኩሽኔታ (የካምቢዮው ዘንግ ጫፍ የሚዞርበት) ቮላኖውን በሚይዘው የመሃል ብሎን ውስጥ ስለሆነ ከተበላ ብሎኑን ከነኩሽኔታው ይቀይሩ።

ዕቃ ሲገዙ የሚያሳስቱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው መጠኑ ነው። ትንሹ ሞተር 180፣ 1500 እና 1600 ደግሞ 200 ሚሊ ሜትር ፍሪሲዮን ይጠቀማሉ፤ ግን የአገራችን ቮልስ ስንቴ ሞተር እንደተቀየረለት ማን ያውቃል? ሊብሬውን ሳይሆን አሮጌውን ሸራ ለክተው ይሂዱ። የቮላኖውን ጥርስ መቁጠርም ይረዳል፤ የ6 ቮልቱ 109፣ የ12 ቮልቱ 130 ጥርስ አለው።

ሁለተኛው የኩሽኔታው ዓይነት ነው፤ ከመጀመሪያው የከፋ ጉዳት የሚያደርሰውም ይኸኛው ነው። እስከ 1970 ሞዴል ድረስ ኩሽኔታው በሹካው (በሚገፋው ማንሻ) ላይ በክሊፕ ብቻ የተንጠለጠለ ሲሆን ፕሬዠር ፕሌቱ መሃሉ ላይ የሚገፋበት ቀለበት አለው። ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ካምቢዮው ላይ በተጠለፈ ቱቦ ላይ ይንሸራተታል፤ ፕሬዠር ፕሌቱም ያ ቀለበት የለውም። አንዱን ከሌላው ጋር ቀላቅለው ከገጠሙ ኩሽኔታው መሃሉን ይስታል፣ ይንጫጫል፣ በጥቂት ቀንም ራሱን ይበላል። ሱቅ ከመሄድዎ በፊት ካምቢዮው ላይ ቱቦ መኖር አለመኖሩን ይዩ። አዲሱን ኩሽኔታ በቤንዚን አይጠቡት፤ ግራሶው ታሽጎበት የተሠራ ነው።

ከሥር ዘይት ይንጠባጠባል። የቮላኖው ሲል መሆኑን በምን ልለይ?

ሞተሩና ካምቢዮው ከሚገናኙበት ከታች ከሆነ ተጠርጣሪዎቹ ሦስት ናቸው። ጣትዎን ነክረው ያሽትቱት፤ የካምቢዮ ዘይት ወፍራም ነው፣ የድኝ ዓይነት ሽታ አለው። እሱ ከሆነ ጥፋተኛው የካምቢዮው ዘንግ ሲል ነው። የሞተር ዘይት ከሆነ ወይ የቮላኖው ሲል ነው፣ ወይ ከቮላኖው ጀርባ ያለው የካምሻፍት መዝጊያ።

ሞተሩ ወርዶ ፕሬዠር ፕሌቱ ሲፈታ የዘይቱን መንገድ ሳይጠርጉ በደንብ ያንብቡት። የቮላኖው ጀርባ ርሶ ዘይቱ ወደ ዳር ከተረጨ ሲሉ ነው። የቮላኖው ጀርባ ደርቆ ሸራው በኩል መሃሉ ከረጠበ ግን ዘይቱ የመጣው በክራንክ ሻፍቱና በቮላኖው መካከል ነው፤ ማለትም ኦሪንጉ ሞቷል ወይም የመሃል ብሎኑ ላልቷል። በዚህ ጊዜ አሥር ሲል ቢቀይሩ ለውጥ የለውም። ሁሉ ነገር ከላይ ጀምሮ በዘይት ከተሸፈነ ደግሞ ከዘይት ማቀዝቀዣው ሲሎች እየወረደ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ እዚያ ይዩ።

የክራንክ ሻፍት ጨዋታ ሲባል ምን ማለት ነው? እንዴትስ ይለካል?

ክራንክ ሻፍቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሄድባት ትንሽ ርቀት ናት። ልኳ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ነው፤ 0.15 ከደረሰ መስተካከል አለበት። የፍሪሲዮን ፔዳል በረገጡ ቁጥር ቮላኖው ወደ ኋላ ይገፋል፤ ጨዋታው ሲበዛ የሲሉ ከንፈር አብሮ ይገፋል፣ ይጎተታል፣ መጨረሻ ላይ ያፈሳል። በእኛ እምነት ሲሉ አዲስ ሆኖ የሚያፈሰው ከሲሉ ጥራት ይልቅ ብዙ ጊዜ ይህ ሳይለካ በመቅረቱ ነው።

ሞተሩ ሳይወርድ ቀለል ያለ ሙከራ አለ። ሞተሩ ጠፍቶ አንድ ሰው ፍሪሲዮኑን ሲረግጥና ሲለቅ እርስዎ ከኋላ ሆነው ፑሌጃውን (የቺንጋውን መዘውር) ይዩ። ፑሌጃው ወጣ ገባ ሲል በዓይን የሚታይ ከሆነ ጨዋታው አልፏል። ትክክለኛው ልኬት ግን የሚወሰደው ሞተሩ ወርዶ፣ ዳያል ጌጅ (ባለመርፌ መለኪያ) ሞኖብሎኩ (የሞተሩ ዋና አካል) ላይ ታስሮ ጫፉ ቮላኖው ላይ ሲያርፍ ነው። ቮላኖው ከመፈታቱ በፊት አንድ ጊዜ ይለኩ፤ ልኩ ላይ ከሆነ ያሉትን ቀለበቶች ሳይነኩ ይመልሷቸው።

ልኩ ካለፈ ጨዋታውን የሚወስኑት ከሲሉ ጀርባ ያሉት ቀጫጭን የብረት ቀለበቶች፣ ሺሞቹ ናቸው። ቁጥራቸው ሁልጊዜ ሦስት ነው፤ ሁለት ወፍራም አድርጎ ማለፍም፣ አራት መደርደርም አይሆንም። ውፍረታቸው 0.24፣ 0.30፣ 0.32፣ 0.34፣ 0.36 እና 0.38 ሚሊ ሜትር ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ሲሉንና ኦሪንጉን ሳያስገቡ፣ ሁለት ሺም ብቻ አድርገው ቮላኖውን ይጠብቁትና ይለኩ። ከተገኘው ላይ 0.10 ይቀንሱ፤ የቀረው የሦስተኛው ሺም ውፍረት ነው። ጌጁ 0.44 ቢያነብ 0.34 ያስገባሉ ማለት ነው። የተጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ ስለሚጠፋ ሺሙን ራሱን በማይክሮሜትር ይለኩ። በመጨረሻ ሦስቱንም አድርገው ልኩን እንደገና ያረጋግጡ።

ሲሉን እንዴት ላስገባው?

ሺሞቹ መጀመሪያ፣ ሲሉ በኋላ። ሲሉ ከገባ ሺም ማስገቢያ መንገድ የለም፤ ይህን ረስቶ አዲሱን ሲል በካቻቢቴ ነቅሎ የጣለ ብዙ ነው። አሮጌውን ሲያወጡ ሞኖብሎኩ ማግኒዥየም ስለሆነ በቀላሉ ይጫራል፤ ካቻቢቴው ሥር እንጨት ያድርጉ። መቀመጫውን ጠርገው የሲሉን ዳር በስሱ ዘይት ይቀቡ። ከዚያ ዙሪያውን እኩል እየመቱ፣ ወይም አሮጌ ቀለበት ደግፈው በመሃል ብሎኑ እየሳቡ፣ ሥሩ ድረስ ያስገቡት። ግማሽ ጎኑ ቀድሞ ከገባ አውጥተው እንደገና ይጀምሩ።

የሲሉ ከንፈር የሚያርፍበትን የቮላኖውን አንገት በጥፍርዎ ይዳስሱት። ቀላል ጭረት በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ዙሪያውን ሲጠረግ ይሄዳል። ጥፍር የሚይዝ ቦይ ካለው ግን ቮላኖው ራሱ መቀየር አለበት። ሲገጥሙ አንገቱንም ከንፈሩንም በሞተር ዘይት ይቀቡ፤ በደረቁ የተነሳ ሲል በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ይቃጠላል።

የመሃል ብሎኑን ምን ያህል ላጥብቀው? ቶርክ ቁልፍ የለኝም።

343 ኒውተን ሜትር፤ ማለትም 35 ኪሎ ግራም ሜትር። ሶኬቱ 36 ነው። ይህን የሚያነብ ቶርክ ቁልፍ የሌለው ጋራዥ ብዙ ስለሆነ በሰውነት ክብደት መሥራት ይቻላል፤ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ቧንቧው አግድም ሆኖ ከብሎኑ መሃል 50 ሴንቲ ሜትር ላይ ሙሉ ክብደቱን ሲጥል በትክክል 35 ኪሎ ግራም ሜትር ይሆናል። ቧንቧውን በሜትር ይለኩ፣ ነጥቡ ላይ ምልክት ያድርጉ፣ ሳይዘሉ ቀስ ብለው ይጫኑት። ቮላኖው እንዳይዞር ማዕዘናዊ ብረት በሁለት የፕሬዠር ፕሌት ቀዳዳዎች ታስሮ ይደገፋል። በአየር ሽጉጥ መፍታት ይቻላል፤ በእሱ ማጥበቅ ግን ግምት ነው።

ጉዳዩ ከባድ የሆነው ቮላኖውን የሚይዙት ይህ አንድ ብሎንና አራት ፒኖች ብቻ ስለሆኑ ነው። ብሎኑ ትንሽ ከላላ ፒኖቹ ቀዳዳቸውን እያሰፉ ይሄዳሉ፤ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሲሠራ) ላይ የሞተር ኩሽኔታ የተመታ የሚመስል ኳኳታ ይሰማል። ሲፈቱት በፒኖቹ ዙሪያ ዝገት የመሰለ ቀይ ዱቄት ካዩና ቀዳዳዎቹ ሞላላ ከሆኑ ቮላኖው ብቻ ሳይሆን ክራንክ ሻፍቱም አብሮ ሄዷል።

ቮላኖውን ቶርኖ ቤት ልውሰደው?

የሸራው ፊት ሰማያዊ ከሆነ፣ ከተሰነጠቀ ወይም ደረጃ ከሠራ አዎ። ቶርነሩ የሸራውን ፊት ብቻ ከቀነሰ ግን የፕሬዠር ፕሌቱ ጫና ይቀንሳል፤ ፕሌቱ የሚታሰርበትም ፊት በዚያው መጠን መቀነስ አለበት። የሲሉን አንገት እንዳይነካ ደግሞ አስቀድመው ይንገሩት።

ሸራው በየትኛው ፊት ይገባል? መሃሉስ?

ሞላዎቹ ያሉበት፣ ወጣ ያለው ፊት ወደ ካምቢዮው ነው። ተገልብጦ ከገባ መሃሉ የቮላኖውን ብሎን ይነካል፤ ፍሪሲዮኑም አይለቅም። ከመግጠምዎ በፊት ሸራውን በካምቢዮው ዘንግ ላይ ሰክተው በነፃ መንሸራተቱን ይሞክሩ። መሃሉን ለማስተካከል አሮጌ የካምቢዮ ዘንግ ቁራጭ ከሁሉ ይሻላል፤ ከሌለ ቶርኖ ቤት ከእንጨት ይሠሩልዎታል። ስድስቱን የፕሬዠር ፕሌት ብሎኖች በማዶ ለማዶ፣ በየተራ ትንሽ ትንሽ እያጠበቁ እስከ 25 ኒውተን ሜትር ያድርሱ። ባለመርፌው ኩሽኔታ የጥፍር ጫፍ የምታህል ግራሶ ይበቃዋል። የበዛው ሲሞቅ ሸራው ላይ ይረጫል።

ሞተሩ ሲመለስ ማርሽ አስገብተው ፑሌጃውን እያዞሩ ጥርሶቹን ያገናኙ። ሁለቱ ፊቶች በእጅ ግፊት ብቻ መነካካት አለባቸው፤ ክፍተት እያለ በብሎን ስቦ መዝጋት የሸራውን መሃል ይሰብራል። አራቱ ማያያዣዎች 30 ኒውተን ሜትር ናቸው። በሞተሩ ዙሪያ ያለውን ጎማ በቦታው ሳያስተካክሉ አይዝጉ፤ ጎማው ከተነሳ ፋኑ ከሥር የሚወጣውን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል፤ አዲስ አበባን በመሰለ አየሩ በሳሳበት ከፍታ ላይ ሞተሩ ለመጋል ጊዜ አይፈጅበትም።

ዘይት የነካው ሸራ በቤንዚን ታጥቦ ይሠራል?

አይሠራም። ዘይቱ ውስጡ ገብቷል፤ ሲሞቅ ተመልሶ ይወጣል። ሸራ ያስለጠፉበት አሮጌ ዲስክ ግን ሊሠራ ይችላል፤ የሪቬቶቹ ራስ ከሸራው ፊት በታች መስመጡን፣ ዲስኩ ሲሽከረከር ዳሩ ከ0.5 ሚሊ ሜትር በላይ አለመወላገዱን ያረጋግጡ።

ሁሉን አዲስ አደረግሁ፤ ሲነሳ ግን ይንቀጠቀጣል።

መጀመሪያ የቱቦውን ጉብጠት ይለኩ፤ ከላይ እንደተባለው ከ25 እስከ 45 ሚሊ ሜትር። ቀጥሎ የካምቢዮውን ጎማዎች (ሱፖርቶች) ይዩ፤ ከተቀደዱ ካምቢዮው ሲንቀሳቀስ ገመዱን እየሳበ ራሱን ፍሪሲዮን ያስረግጣል። እነዚህ ደህና ከሆኑ ሲገጠም የተነካ ዘይት ወይም ግራሶ፣ አለዚያም የተጣመመ ሸራ ነው። አዲስ ሸራ ግን የመጀመሪያዎቹ 300 ኪሎ ሜትሮች ላይ ትንሽ ቢንቀጠቀጥ አይደንግጡ። እስኪለምድ ድረስ ዳገት ላይ መኪናውን በፍሪሲዮን አንጠልጥለው አያቁሙ፤ የእጅ ፍሬን አለ።

ሪቨርስ ሲገባ ይፋጫል። ፍሪሲዮኑ ነው?

የቮልስ ሪቨርስ ማመሳሰያ የለውም፤ ስለዚህ ፔዳሉን ረግጠው ሦስት አራት ሰከንድ ይጠብቁና ያስገቡ። ጠብቀውም ከተፋጨ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ እየለቀቀ አይደለም። የፔዳሉ ጨዋታ በዝቶ ከሆነ ይቀንሱት። ልኩ ላይ ሆኖ ከቀጠለ የፍሪሲዮኑ ሹካ ዘንግ ቡሽ ተበልቷል፣ ወይም ባለመርፌው ኩሽኔታ ደርቆ ዘንጉን አብሮ ያዞራል። ለወራት የቆመ መኪና ከሆነ ደግሞ ሸራው ቮላኖው ላይ በዝገት ተጣብቆ ሊሆን ይችላል።

ሲሉ በወሩ ተመልሶ አፈሰሰ። አሁን ምን ቀረ?

በቅደም ተከተል ይሂዱ፦ የክራንክ ሻፍቱ ጨዋታ፣ የቮላኖው አንገት፣ ኦሪንጉ፣ የመሃል ብሎኑ፣ የካምሻፍቱ መዝጊያ። ሁሉም ደህና ከሆነ ሞተሩ ከውስጥ ግፊት እያበዛ ነው። በሚኒሞ እየሠራ ዘይት መሙያውን ከፍተው መዳፍዎን ቢያስጠጉ ጠንካራ ትንፋሽና ጭስ ይሰማዎታል፤ ያ ፒስተንና ፋሻ ነው፤ ሲል አያቆመውም።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ጨዋታውን ዛሬ በሺም አስተካክለው ከጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ ተመልሶ ሲሰፋ ነው። ግፊቱን የሚሸከመው ቮላኖው አጠገብ ያለው አንደኛው ዋና ኩሽኔታ ነው፤ ይህ የሚሆነውም የተቀመጠበት የሞኖብሎኩ ጉድጓድ ተደብድቦ ሰፍቶ ኩሽኔታው ራሱ ሲንቀሳቀስ ነው። ሦስቱ ሺሞች እያንዳንዳቸው 0.38 ሆነው ጨዋታው አሁንም ከ0.15 ካለፈም ምልክቱ ያው ነው። በዚህ ጊዜ ሞተሩ ተከፍቶ ጉድጓዱ በመስመር ተቦርቡሮ በውጭ መጠኑ ከፍ ያለ ኩሽኔታ መግባት አለበት፤ ይህን የሚሠራ ቶርኖ ቤት ካልተገኘ ደህና ሞኖብሎክ መፈለግ ነው።